ፕሊመዝ የገባው የቲም



ደብረ ታቦር ባሕር የላትም። ሆኖም እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ የወጣለት ስም የወደብ ከተማ ስም ነው፤ ሴባስቶፖል። መድፉ መቅደላ ቀረ፤ ባሕሩን የተሻገረው የንጉሡ ልጅ ነው።

ዓለማየሁ አባቱን በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አጣ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞቱ። የሰባት ዓመቱ ልጅ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ፕሊመዝ ወደብ ደረሰ። ፕሊመዝ እንግሊዞች በመርከበኞቻቸው የሚኮሩባት፣ በ1620 እ.ኤ.አ. ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ ወደ አሜሪካ የተነሳችባት ከተማ ናት። ጎብኚ ዛሬም ይህን ታሪክ ይሰማባታል። እኛ ደግሞ የቲሙን እናስታውስ። በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ ሲባልም በ2015 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለም።

ወጣቶች፣ ሶሓቦችም ባሕር ተሻግረው ሐበሻ ገብተዋል። ነጃሺ አስጠለላቸው፤ መሄድ ሲፈልጉም በክብር ሸኛቸው። እንግዳ መቀበል ማለት ይህ ነው፤ በሩ ለመውጣትም ክፍት ነው።

«የእኛ እምነት ልጅ አልነበረም» የምትሉ ካላችሁ፣ ቁርኣን የቲምን አትበድሉ ሲል የአባቱን ሃይማኖት አልጠየቀም።

ወላሁ አዕለም።