በሁከት መካከል የሚያልፍ ቃል

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በሐይቋ ዳር ስትቆረቆር፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከሐረር እስከ አዲስ አበባ በተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ የተወጠነው የስልክ ሥራ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ አስቆጥሮ፣ በ1945 ዓ.ም. ለቆመው የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአደራ ተሰጥቶ ነበር። ኋላም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማነት ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ ሲዛወር፣ ከመናገሻይቱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀችው ወጣት ከተማ የሹመቱንም፣ የንግዱንም፣ የመርዶውንም ቃል በዚያው ጠባብ የድምፅ ጎዳና መጠበቅ ግድ ሆነባት።

በዚያን ጊዜ ወደ ሩቅ አገር የሚደውል ሰው ተራውን ጠብቆ «ሃሎ! ይሰማል?» ብሎ ሲጮኽ የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ የሚንጫጫና የሚያፏጭ ሁከት የተቀላቀለበት ነበርና፣ ስልከኛዋ በመካከል ገብታ ቃሉን በዝግታ፣ ደግማ ደጋግማ፣ ቁጥሩንም አንድ ባንድ ነጥላ ታደርስለት ነበር። የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ የ«ሰ» ስለታም ትንፋሽ አብዛኛው ከወሰኑ በላይ ይቀርና ከ«ፈ» ጋር ይምታታል፤ እንግዲህ «ልጁ ሠራ» የተባለው «ልጁ ፈራ» ተብሎ ቢሰማ ጥፋቱ የአድማጩ ጆሮ አይደለም። ከጉዳዩ አስቀድሞ የሚመጣውን ረዥሙን ሰላምታችንንም የገንዘብ ብክነት ነው የሚሉትን አልቀበልም፤ ጆሮ የተናጋሪውን ድምፅ ከሁከቱ ለይቶ እስኪለምድ ድረስ ፋታ የሚሰጠው እርሱ ነበር።

በሁከት መካከል ምን ያህል ቃል ማለፍ እንደሚችል አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በቤል ላቦራቶሪ ሳለ፣ በ1940 ዓ.ም. ክረምት ማሳተም በጀመረው ጥናት በቀመር ወሰነው። የመተላለፊያው ስፋትና የመልእክቱ ኃይል ከሁከቱ ኃይል ጋር ያለው ንጽጽር ከታወቀ፣ በሰኮንድ ሊያልፍ የሚችለው የመረጃ መጠን ይታወቃል፤ 3100 ሄርዝ ስፋት ባለው መስመር ላይ መልእክቱ ሁከቱን 1000 ጊዜ ቢበልጠው 31000 ቢት ገደማ፣ ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ግን 3100 ቢት ብቻ ያልፋል። በጠራው መስመር ላይ ተናጋሪው ኃይሉን እጥፍ ቢያደርገው እንኳ በ31000ው ላይ የሚጨመረው 3100 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የጩኸት ረድኤት ጥቂት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን፣ ከዚህ ወሰን በታች እስከቆዩ ድረስ መልእክቱን በብልሃት በተቀመረ ምልክት በመላክ ስሕተቱን የፈለጉትን ያህል ማሳነስ የሚቻል መሆኑ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ በስልክ ሽቦ ላይ የሚያፏጨው ሞደም አስቀድሞ የመስመሩን ሁከት ይመዝንና ሁከቱ ሲበዛ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር፤ ስልከኞቹም ያለ ቀመር፣ በጆሯቸው ብቻ፣ ሲሠሩበት የኖሩት ሥርዓት ይኸው ነው።