ቲፎዞ በሮም

«ቲፎዞ» የሚለው ቃል ከጣሊያን የተረፈን ነው። ሥሩ «ቲፎ» ሲሆን ትርጉሙ ተስቦ ነው፤ ቲፎዞ እንግዲህ በእግር ኳስ ትኩሳት የነደደ ሰው መሆኑ ነው። «ሪጎሬ»ም የመጣው ከዚያው ቋንቋ ነው። በልጅነታችን በሰፈር ሜዳ እነዚህን ቃላት እየጮኽን ስናድግ ከየት መጡ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ጥያቄው የመጣብኝ በመጋቢት 2001 ዓ.ም. አርሰናልን ተከትዬ ሮም በገባሁ ጊዜ ነው።

ትኬቱን በኪሱ የያዘ ደጋፊ ጨዋታው እስኪጀመር በባዕድ ከተማ ሥራ የለውም። እግሩ ወደ መራው ይሄዳል። የእኔ እግር ግን የመራኝ ወደ አገሬ ታሪክ ነበር። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስወጣ የተቀበለኝ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሻንጣውን እየጎተተ ከሚያልፈው መንገደኛ ስንቱ ይህን ያውቅ ይሆን?

ከዚያ ወደ ፖርታ ካፔና ወረድሁ። 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት ከጥቅምት 1930 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል እንድትመልሰው ብትገደድም፣ ሐውልቱ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ የገባው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። እኔ ስደርስ ስፍራው ባዶ ነበር፤ እኔም ባዶውን ቦታ እንደ ሐውልት ቆሜ ተመለከትሁት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በዚሁ በኩል አልፏል። ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የተፈተለከው ከሐውልቱ ወዲህ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የቆንስጣንጢኖስ ቅስት ዘንድ ደረሰ።

ከቀትር በኋላ የቲበርን ወንዝ ተሻግሬ ወደ ኦሎምፒክ ስታዲየም አመራሁ። ሠፈሩ ዛሬ ፎሮ ኢታሊኮ ይባላል፤ የቀድሞ ስሙ ፎሮ ሙሶሊኒ ነበር። የአምባገነኑ ስም የተቀረጸበት ረጅም የእብነ በረድ ሐውልት ዛሬም በመግቢያው ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ በጥቁርና ነጭ ሞዛይክ የተነጠፈ ነው፤ «ዱቼ፣ ዱቼ» የሚለውን ጽሑፍ እየረገጡ ይሄዳሉ። ግራና ቀኝ ትላልቅ የእብነ በረድ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ከእነርሱ አንዱ እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1936 ጣሊያን በመጨረሻ ግዛተ ንጉሠ ነገሥቷን እንዳገኘች ያበስራል። ያ ግዛት እኛ ነን።

ከጦርነቱ በኋላ በዚያው ረድፍ ሦስት ቀኖች ተጨምረዋል፤ የፋሺስት አገዛዝ ያበቃበት 1943፣ ሪፐብሊክ የታወጀበት 1946፣ ሕገ መንግሥቱ የጸናበት 1948። ሦስቱም ጣሊያን ስለ ራሷ የጻፈቻቸው ናቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ግን፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የተመለሱበት ቀን፣ ከመካከላቸው የለም።

ማታ ጨዋታው ተጀመረ። ሮማ ገና በዘጠነኛው ደቂቃ በሁዋን ጎል መራ፤ በሁለቱ ጨዋታዎች ድምር 1 ለ 1 ሆነው ተጨማሪው ሰዓትም አለቀ። ነገሩ በሪጎሬ ተቆረጠ፤ አርሰናል 7 ለ 6። አጠገቤ ያለውን እንግሊዛዊ አቅፌ ስጮኽ የድንጋዮቹ ነገር ለጊዜው ከልቤ ጠፍቶ ነበር። ኳስ እንዲህ ያለ የማስረሳት ኃይል አለው። ያን ሜዳ በዚያ ጎዳና ጫፍ ያቀዱት ሰዎችም ይህን ኃይል አሳምረው ሳያውቁት አልቀሩም።

ድንጋዮቹ ይፍረሱ የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ የፈረሰ ድንጋይ አይመሰክርም። ሮም መጨመር እንደምትችል ደግሞ አሳይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ድሉ 50 ዓመት ሲሞላው፣ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ግድግዳ ላይ ለአበበ ቢቂላ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በፎሮ ኢታሊኮም አንድ ድንጋይ ይጨመር፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ይጻፍበት። ሌሎቹ ድንጋዮች ላይ ተቀምጦ ሳንድዊቹን የሚገምጥ ወጣት ቲፎዞ፣ ጨዋታው እስኪጀመር ጊዜ አለውና፣ ያንብበው።