ሱሪ የወንድ ነው ያለው ማን ነው?

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የጥር ብርድ ሲበረታ ከቀሚሷ ስር ወፍራም ሱሪ የማትደርብ እናት ብዙም አትገኝም። ይሁንና ልጅቷ በሱሪ ብቻ ቤተ ክርስቲያን የመጣች እንደሆነ ተግሣጽ አይቀርላትም። ምክንያቱ ይታወቃል፤ ኦሪት ዘዳግም 22፥5 ሴት የወንድን፣ ወንድም የሴትን ልብስ እንዳይለብሱ ይከለክላል። ለመሆኑ የወንድ ልብስ የትኛው ነው?

አገራችን ለዚህ አንድ መልስ የላትም። የሐረሪ ሴቶች ከቀሚሳቸው ስር ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠብ ሱሪ መልበሳቸው የቆየ ወግ ነው። በሰሜኑም ወይዛዝርት በበቅሎ ሲጓዙ ጥልፍ ሱሪ ይለብሱ ነበር። ይህ ሁሉ የሴት ልብስ ነው።

በስንክሳር የምትታወሰው ቅድስት እንባ መሪና ግን በእርግጥ ወንድ መስላ ኖራለች። አባቷ ሊመነኩስ ሲነሣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ አብራው ገዳም ገባች። በኋላም አንዲት ልጃገረድ ፀንሳ በእርሷ ላይ ስታላክክ፣ ሴትነቷን ገልጣ ነፃ መውጣት ስትችል ዝም አለች። ከገዳም ተባረረች፤ የሰው ልጅ አሳደገች። እውነቱ የታወቀው ዐርፋ ሲገንዟት ነው። ያ ልብስ ለወንዶች ብቻ ወደተከፈተ ሕይወት ያስገባት በር ነበር።

የምንኖርባት ሚኒሶታም የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1863 የወጡ ጋዜጦች፣ ፍራንሲስ ክሌይተን የተባለች የሚኒሶታ ሴት ወንድ መስላ ከባሏ ጋር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንደተዋጋች ጽፈዋል። የታሪክ ሊቃውንት ዝርዝሩን ቢጠራጠሩትም፣ የወታደር ልብስ ለብሳ የተነሣችው ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። በአልባኒያ ተራሮች ደግሞ ላለማግባት የማለች ሴት የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ጠመንጃ ይዛ አባወራ መሆን ትችል ነበር።

በእኛም አገር ወይዘሮ ከበደች ሥዩም፣ ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን መርተው ተዋግተዋል። እንዲህ ያለችውን ሴት ሕዝባችን ሲያመሰግን «ወንድ ናት» ይላል። ምስጋናው መልካም ቢመስልም ሥራዋን ከሴትነቷ ይነጥቃል።

ልብ ይበሉ፤ በእነዚህ ታሪኮች ለሴቶቹ የተዘጋው የወንዶች ገዳሙ፣ ጠመንጃውና አባወራነቱ ነበር። ጨርቁ ምልክቱ ብቻ ነው። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ለልጅዎ ሲያስተምሩ ይህንንም ይንገሯት። ነገ ስትጀግንም «ወንድ ናት» አይበሉ፤ ጀግንነቷን በሴትነቷ ያድርጉላት።