መከለልና መከልከል

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተቀራራቢ ቃላትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተያየት ደስ ይለኝ ነበር። እስቲ ዛሬ «ከለለ»ን እና «ከለከለ»ን እንያቸው። ድምፃቸው ወንድማማች ያስመስላቸዋል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ዛፍ ከፀሐይ ይከልላል፤ ዘበኛ በር ላይ ይከለክላል። አንዱ ጠብቆ ያኖራል፤ ሌላው «አይቻልም!» ብሎ ይመልሳል። እዚህ ቦታ ላይ ይህ ይሠራ፣ ያ አይሠራ የሚል የከተማ ደንብ ሁሉ ሁለቱንም ማድረግ አለበት። ጭቅጭቁ የሚመጣው መከለሉ ተረስቶ መከልከሉ ብቻ ሲቀር ነው።

ነገሩን ለማስተዋል ሐረር ሸዋ በር ላይ መቆም በቂ ነው። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የቆመ፣ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚዞር አጥር ነው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በርና ቡዳ በር። ሸዋ በርን ሐረሪዎቹ በቋንቋቸው አስመዲን በሪ ይሉታል። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ማታ ይዘጋሉ። ጦር የያዘ ጦሩን በር ላይ ትቶ ይገባል። ክርስቲያን ጭራሹን አይገባም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ ዐሥር ቀን መሰንበቱ በዓለም የተወራለት፣ የከተማዋ ክልከላ ምን ያህል የጠና እንደነበር ስለሚመሰክር ነው።

ታዲያ ልብ በሉ! ያ ሁሉ ክልከላ ባለበት ግንብ ሥር ለጅብ ቀዳዳ ተትቶለታል። ጅቡ ሌሊት ይገባል፣ የቀን ጥራጊውን ይለቃቅማል፣ ይወጣል። ግንቡ ውስጥም ቢሆን እያንዳንዱ ሥራ ቦታ ቦታውን ይዞ እናገኘዋለን። ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ፣ ጊድር መጋላ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። ኋላ የልብስ ስፌት መኪና ሲመጣ የሰፊዎቹ ቀጭን መንገድ በጩኸቱ «መኪና ግርግር» ተባለ። ካርታ ያላየ ሰው እንኳ የት ምን እንደሚሠራ ከስሙ ያውቃል።

በ1868 ዓ.ም. ግብፆች ገቡ። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ከተማዋን ያዙ፤ ራስ መኮንንም ተሾሙባት። ከዚያ ወዲያ ከተማው ከግንቡ ውጭ ወደ ምዕራብ ተስፋፋ፤ ጣሊያንም በ1928 ዓ.ም. ሲገባ አዲሱን ከተማ በዚያው በኩል ገነባ። ሸዋ በር የከተማው ጠርዝ መሆኑ ቀርቶ የአሮጌውና የአዲሱ መገናኛ ሆነ። ሰው በሚተላለፍበት ደግሞ ገበያ ይበቅላል።

ይኸው ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ የሠራው ግን የክልከላን ክፉ መልክ ያሳያል። የጉይዲና የቫሌ ፕላን የነጩን ሰፈር ከአገሬው ሰው ሰፈር ለየ። የአራዳ ገበያ ተነሥቶ «የአገሬው ገበያ» ወደሚባል ሥፍራ ተወሰደ። ያ ሥፍራ የዛሬው መርካቶ ነው። በቆዳ ቀለም የተሰመረው መስመር ከአምስት ዓመት በኋላ ከአስማሪው ጋር ሄደ፤ ገበያው ግን እስከ ዛሬ አለ። ከፕላኑ ይልቅ የሰው እንጀራ ሥር ይሰድዳል።

ከዚያ ወዲህ የራሳችንን ሕጎች አወጣን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ጥብቅ ተብሎ በተከለለ የቅርስ ቦታ ያለ ልዩ ፈቃድ መሥራትም መቆፈርም ከለከለ። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጁገልን ከ82 መስጊዶቹና ከ102 አድባራተ ቅዱሳኑ ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የከተማ ፕላን አዋጅ በ2000፣ የሕንፃ አዋጅ በ2001 ዓ.ም. ተከተሉ። እነዚህን የሚጠላ ካለ ጁገል ውስጥ ባለ አምስት መደቡን የሐረሪ ቤት ገብቶ ይይ። ያንን አፍርሶ ባለ ሦስት ፎቅ ብሎኬት ማቆም ወንጀል ባይባል እንኳ ነውር ነው።

ነገር ግን በዚያ ቤት ቤተሰብ ይኖራል። ልጅ ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል፤ ቤቱ ይጠባል። «ፎቅ መጨመር ክልክል ነው» ይባላል፤ ደግ። ቅርሱ የዓለም ነው ካልን ጥበቱን ባለቤቱ ብቻውን እንዲሸከመው መተው ምን የሚሉት ፍርድ ነው? የሚያድግበት ቦታ፣ የሚያድስበት ገንዘብ፣ የጥንቱን ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ ሊመቻችለት አይገባም?

ከየበሩ ውጭ መሬት ላይ ማዳበሪያ ዘርግታ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴትም ጥያቄ አላት። በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ሐረርንም ሲያዳርስ ብዙዎቻችን የመንገዱን መስፋትና የመብራቱን ማማር አደነቅን። ማማሩ እውነት ነው። ለእርሷ ግን «እዚህ አትቀመጪ» ከሚለው ደንብ አስከባሪ ጎን «ነይ፣ እዚያ ነው መደብሽ» የሚል ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። ሁለተኛው ካልመጣ የመጀመሪያው ደክሞ ይቀራል፤ እርሷም ማታ ማታ ተመልሳ ትዘረጋለች። ሕግ የሚናቀው ሰዉ ባለጌ ስለሆነ ብቻ አይደለም። «በሕግ አምላክ!» ሲባል እግሩን የሚተክል ሕዝብ ነበርን እኮ። በሕጉ ውስጥ የራሱን ቦታ ያላገኘ ሰው ግን ለማን ብሎ ይቁም?

እንግዲህ ደንብ ጻፊዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። «የተከለከሉ አገልግሎቶች» የሚል ዝርዝር ስታወጡ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ «ቦታው የት ነው?» የሚል መስመር ጨምሩ። መልስ የጠፋለት ተራ ካለ ዝርዝሩ አላለቀም ማለት ነው። የጁገል ግንበኞች ለጅብ እንኳ አስበውበታል።