ደከመኝ፣ ዛልሁ፣ ታከተኝ፦ ከእምድብር ወደ ካሊፎርኒያ የተሻገሩ ቃላት

በጉራጌ ምድር፣ በእምድብር ዙሪያ ባሉ የቸሃ መንደሮች እንሰት የሚፋቅበት ቀን ረጅም ነው። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የተላጠውን እንሰት ዘንበል ካለ ጣውላ ላይ በእግራቸው ደግፈው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ሲፍቁ ይውላሉ። ማታ ላይ ክንድ ይዝላል፣ ወገብ ይያዛል፣ እግር ይደነዝዛል። አንዷ ድካሟን በገዛ ቋንቋዋ ብትናገር አጠገቧ ላለችው ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ይህንኑ ድካም ለእንግሊዝኛ አንባቢ አድርስ የተባለ ሰው ግን ብዕሩን ይዞ መቆሙ አይቀርም። ከየትኛው ቃል ጋር ያጋባው?

ይህን ጥያቄ ቀድመው ከተጋፈጡት መካከል አንዱ የዚሁ አካባቢ ልጅ ናቸው። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1936 በጉራጌ ምድር ተወልደው በእምድብር የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ። ኋላም ለትምህርት ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ ተሻገሩ። እዚያ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ነበሩ። ተማሪው ያደጉበትን መንደር ሕይወት ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በእናታቸው ቋንቋ በቸሃኛ ጻፉ፤ ሊቁ ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። «የሺነጋ መንደር» የተባለው ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። የእምድብር አካባቢ ገበሬ ውሎና አዳር፣ ከነሥራው ከነድካሙ፣ በአማርኛ በኩል ሳይዞር ከቸሃኛ በቀጥታ ለዓለም አንባቢ ደረሰ።

ሌስላው በዚህ አላበቁም። እ.ኤ.አ. በ1979 ባለ 3 ቅጹን የጉራጌ ቋንቋዎች ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት አሳተሙ። ሁለተኛው ቅጽ ከእንግሊዝኛ ወደ ጉራጊኛ የሚመራ ማውጫ ነው። ከዚያ 6 ዓመት ቀደም ብሎ በ1973 ያወጡት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ያሳያል። እንደ ድካም ላለ ቃል ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ትርጉሙን የሚወስነው አብሮት የሚውለው ቃል ነውና።

እንግሊዝኛው ራሱ ለድካም አንድ ስም ብቻ የለውም። በየዕለቱ የሚሰማው «ታየርድ» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደ የቤት ቃል ነው። «ዊሪ»ም እንደዚሁ የቆየ ነው፤ ነገር ግን ከሥጋ አልፎ ወደ ነፍስ ይገባል፣ ኀዘንና የዘመን ብዛት ያዘለ ድካም ነው። «ፋቲግ» ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ስለሆነ ሐኪሙና መሐንዲሱ ይወዱታል፤ ብረት እንኳ ደጋግሞ ሲታጠፍ ፋቲግ ያዘው ይባላል። «ኤግዞስትድ» ሥሩ ውኃ ቀድቶ መጨረስ ነው፤ ጉድጓዱ ደርቆ እንስራው ባዶውን ሲመለስ እንደማለት። በብሪታንያ ጨዋታ ላይ የሚሰማው «ናከርድ» ደግሞ ያረጁ ፈረሶችን ለእርድ ከሚገዛ ነጋዴ ስም የተወለደ ነው።

አማርኛም በዚህ በኩል ድሃ አይደለም። ክንድና ጉልበት ይዝላሉ። ሥራው ማለቂያ ሲያጣ ሰው ይታክተዋል። አንድ ነገር ሲደጋገምበት ይሰለቸዋል፤ ሲብስም ይንገሸገሻል። ከሁሉ ሰፊው ግን «ደከመ» ነው። «ደከመኝ» ስንል ድካሙ ከውጭ መጥቶ ያረፈብን እንግዳ ነው፤ እንደ ራበኝ፣ እንደ ጠማኝ፣ እንደ በረደኝ። እንግሊዛዊው «እኔ ደካማ ሆኛለሁ» በሚመስል አነጋገር ድካሙን የራሱ ጠባይ ሲያደርገው፣ እኛ ባለቤቱን ሳንጠራ መጣብኝ እንላለን። የመጣ ደግሞ ይሄዳል። «ብዙ ደከምኩ» ስንል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባለቤቱ እኔ እሆናለሁ፤ ቃሉም መልፋትን፣ መጣርን ይናገራል። «ደክማ አሳደገችኝ» የሚል ልጅ እናቱን እያመሰገነ ነው። «አባቴ ደክመዋል» ስንል ዕድሜ መግፋቱን ወይም ሕመም መጽናቱን በአክብሮት እንገልጻለን። አንድ ሥር ዝለትንም፣ ልፋትንም፣ እርጅናንም ይሸከማል።

አደጋው የሚመጣው እንግሊዝኛው ቃል በቃል ሲገለበጥ ነው። እንግሊዝኛ «ታየርድ» ከሚለው ቃል ኋላ አንዲት መስተዋድድ ሲያስከትል ትርጉሙ መሰልቸት ይሆናል። ተማሪው ይህን ሳያስተውል «ከመጠበቅ ደክሞኛል» ብሎ ይተረጉማል፤ አገሬው ግን «መጠበቅ ታከተኝ» ይላል። ለጋሾች በተደጋጋሚ ጥሪ ልባቸው መቀዝቀዙን የሚያወሳ ዜና «የለጋሾች ድካም» ተብሎ ቢቀርብ፣ አድማጩ ለጋሾቹ ብዙ እንደለፉ ሊመሰክርላቸው ይችላል። ሊባል የተፈለገው ግን መሰልቸታቸው ነበር።

በ«ደከመኝ» እና በ«ታከተኝ» መካከል ያለውን ልዩነት ሣህለ ሥላሴ በእንግሊዝኛ ከጻፉት «አፈርሳታ» ልብ ወለድ በላይ የሚያስታውሰኝ የለም። ታሪኩ የሚነሳው በጉራጌ መንደር ከተቃጠለች ጎጆ ነው። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው የቀድሞ ሥርዓት ጥፋተኛው እስኪታወቅ ባላገሩን አንድ ቦታ ሰብስቦ ያውላል። ሜዳ ላይ የተቀመጠ ገበሬ ክንዱ አይዝልም፤ እርፍ አልጨበጠማ። ግን ማሳው እየጠበቀው፣ ቀኑ በከንቱ እየመሸበት ነው። ይህን ድካም «ደከመኝ» አይችለውም፤ «ታከተኝ» ነው ቃሉ። እንሰት ስትፍቅ የዋለችው ሴት ደግሞ ደክሟታል፣ ዝላለች፤ ታከተኝ ብትል ግን ሰምተን ዝም ልንል አይገባም፤ ከእረፍት ሌላ እገዛ ትሻለችና።

ለዚህ ነው መዝገበ ቃላት የቤተ መጻሕፍት ጌጥ ብቻ ሆኖ መታየቱ የሚያሳዝነኝ። ሌስላው እ.ኤ.አ. በ2006 በ100 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ የጉራጌ ቋንቋዎች ቃላት በእሳቸውና ቋንቋውን ለእሳቸው ባስተማሩ የአገር ሰዎች ልፋት ተመዝግበው ነበር። ከእምድብር ሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጣው ብዕር ያሳየውም ይኸው ነው፦ የባዕድን ቋንቋ በሚገባ የሚሻገር የገዛ መንደሩን ቃል ጠንቅቆ የያዘ ነው።

ዛሬ የእምድብር ተማሪ እንግሊዝኛውን ሲያጠና ማታ እናቱ ዘንድ ይቀመጥና ድካሟን በምን በምን ቃል እንደምትለይ ይጠይቃት። ክንዷ ሲዝል ምን ትላለች? ልቧ ሲሰለችስ? የሰማውን በደብተሩ ያስፍር። በአማርኛ አንድ ሰው ሲለፋልን «ለድካምዎ እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን፤ ድካምን በስሙ ጠርተን እናመሰግናለን። የእናቶቻችንን ድካም ለማመስገንም መጀመሪያ ስሙን ማወቅ ይገባናል።