ምስክር፣ ሙሾና ክስ፤ ፀረ ጦርነት ሥዕሎች ለታሪክ ተማሪ የሚሰጡት ማስረጃ

የታሪክ ተማሪ ጦርነትን ሲያጠና በመጀመሪያ የሚያገኘው ቀንና ቍጥር ነው። ጦርነቱ መቼ ተነሣ፣ ስንት ሠራዊት ተሰለፈ፣ ስንት ሰው ሞተ፣ ወሰኑ ከየት ወደ የት ተዛወረ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ከተገኘ ጥናቱ የተፈጸመ ይመስላል። ነገር ግን ቍጥር የሟቹን ብዛት ይነግረናል እንጂ ሞቱ በማን ቤት ገብቶ ምን እንዳደረገ አይነግረንም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ብለን ወደ ሥዕልና ወደ ሐውልት እንሄዳለን። በዚህም ጊዜ አንድ የሚያሠጋ ነገር አለ፤ ይኸውም ሥዕሉ ልባችንን ስለ ነካው ብቻ እውነቱን በሙሉ የነገረን መስሎ ስለሚታየን ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው፣ ፀረ ጦርነት የሚባሉት ሥራዎች ሁሉ አንድ ዐይነት ነገር እንደማይናገሩ ነው። አንዳንዱ ይመሰክራል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱም ይከሳል። ምስክሩን እንደ አልቃሽ፣ አልቃሹንም እንደ ከሳሽ አድርጎ የሚያነብ ተማሪ ይሳሳታል። ለማስረጃ ከኤውሮፓ ሦስት ሥራዎች መርጠናል፤ ሦስተኛው ከአገራችን ታሪክ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ በመጨረሻ ወደ ራሳችን የጦር ሥዕሎች ያደርሰናል። የኤውሮፓውን ነገር ስንናገር ዓመተ ምሕረቱን በኤውሮፓ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያውን ስንናገር ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሀ. ምስክር፤ የጎያ የመዳብ ሰሌዳዎች

የናፖሌዎን ሠራዊት በ1808 ዓ.ም. እስፓኝን በያዘ ጊዜ ፍራንሲስኮ ጎያ የ62 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። ሥራው የቤተ መንግሥት ሠዓሊነት ነው፤ ጆሮውም ከደነቈረ ዓመታት አልፈዋል። ጦርነቱ እስከ 1814 ዓ.ም. ቈየ። ጎያም ከ1810 እስከ 1820 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ «የጦርነት መዓቶች» በሚል ስም የሚታወቁትን ሥዕሎች በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀረጸ። እነዚህ ሥዕሎች የቤተ መንግሥት ሥዕል ያለው ወርቅና ሐር የላቸውም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ናቸው፤ መጠናቸውም አንድ ሰው በእጁ ይዞ ሊያያቸው የሚችል ነው።

ከእነዚህ ሰሌዳዎች አንዱ፣ 26ኛው፣ ልዩ ትኵረት ይገባዋል። በዋሻ መሳይ ጨለማ ውስጥ ወንዶችና ሴቶች ተንበርክከው ይለምናሉ፤ ፊታቸውን ይሸፍናሉ። የሚገድሏቸው ወታደሮች ግን አይታዩም። በሥዕሉ ቀኝ ጠርዝ በኩል ብቅ ብለው የሚታዩት የሳንጃዎቹ ጫፎች ብቻ ናቸው። ሠዓሊው ገዳዩን ያስቀረው ረስቶት አይደለም። ተመልካቹ ሟቾቹን እንዲመለከት፣ ገዳዩንም ከብረቱ እንዲያውቀው ፈልጎ ነው ብለን እናስባለን።

ጎያ የሚመሰክረው በፈረንሳዮች ላይ ብቻ አይደለም። በ3ኛው ሰሌዳ ላይ መጥረቢያ ያነሣው የእስፓኝ ሰው ነው፤ ከእግሩ በታች የወደቀው ደግሞ የፈረንሳይ ወታደር ነው። የዚህ ሥዕል ርእስ «ያው ነው» የሚል ትርጕም አለው። ከዚህም ሌላ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ስለ ጦር ሜዳ ሳይሆን በ1811 እና በ1812 ዓ.ም. በማድሪድ ከተማ ስለ ደረሰው ረኃብ የሚናገሩ ናቸው። ጦርነት ሰውን የሚገድለው በጥይት ብቻ እንዳልሆነ፣ እኽል በማጣትም እንደሚገድል ከዚህ እንማራለን።

የሆነ ሆኖ ምስክርን ቃሉን ሰምቶ ብቻ ማለፍ አይገባም። በአገራችን የሙግት ልማድ ምስክር ቀርቦ «አየሁ» ካለ በኋላ የት ቆመህ አየህ፣ በምን ጊዜ አየህ ተብሎ ይጠየቃል። ጎያም አንዱን ሥዕል፣ 44ኛውን፣ «ይህን አየሁ» ብሎ ሰይሞታል። በ1808 ዓ.ም. ተከባ ወደ ነበረችው ወደ ሳራጎሳ መሄዱ፣ በረኃቡም ጊዜ በማድሪድ መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን የሣለውን ሁሉ በዐይኑ አየ ማለት አይቻልም፤ ከሰው የሰማውም አለበት። ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ጎያ በ1828 ዓ.ም. ሲሞት ሥዕሎቹ ገና ለሕዝብ አልወጡም ነበር፤ በማድሪድ የሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ 80ዎቹን ያሳተመው በ1863 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እነዚህ ሥዕሎች በጦርነቱ ዘመን የነበረውን ሕዝብ ሐሳብ ለወጡ የሚል ተማሪ ቢኖር፣ ሕዝቡ ያላየውን ማስረጃ እየጠቀሰ ነው። ምስክሩ ቃሉን የሰጠው ከእርሱ በኋላ ለመጣ ትውልድ ነበረ።

ለ. ሙሾ፤ የኬቴ ኮልቪትስ የእንጨት ኅትመቶች

ኬቴ ኮልቪትስ በ1867 ዓ.ም. በኮኒግስበርግ ከተማ ተወለደች፤ ኑሮዋ ግን በበርሊን የሠራተኞች ሰፈር ሐኪም ከነበረው ከባልዋ ከካርል ጋራ ነበረ። በ1914 ዓ.ም. ታላቁ ጦርነት ሲነሣ የ18 ዓመቱ ልጅዋ ፔተር በፈቃዱ ልዝመት አለ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ስለ ነበረ በሕጉ መሠረት የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ አባቱም አልፈቅድም አለ። እናቱ ግን ከልጅዋ ጋራ ቆማ ባልዋን ለመነችው፤ ፈቃዱም ተሰጠ። ፔተር በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በቤልጅክ አገር በዲክስሙይደ አጠገብ ሞተ።

ይህን ታሪክ ሳያውቅ ሥራዋን የሚያይ ሰው ግማሹን ብቻ ያያል። በ1921 እና በ1922 ዓ.ም. «ጦርነት» ብላ የሰየመቻቸውን ሰባት ሥዕሎች በእንጨት ቀረጸች። በሰባቱ ውስጥ መድፍ የለም፤ ምሽግ የለም፤ ጠላት የለም። በሁለተኛው ሥዕል ሞት ከበሮ እየመታ ይመራል፤ ወጣቶቹም ይከተሉታል። ቀጥሎ የሚታዩት ወላጆች፣ መበለቶች፣ ልጆቻቸውን በክንዳቸው አጥረው የቆሙ እናቶች ናቸው። የመጀመሪያው ሥዕል «መሥዋዕት» ይባላል፤ አንዲት እናት ሕፃንዋን ወደ ላይ አንሥታ ይዛለች። ታሪኩን የማያውቅ ሰው መንግሥት ልጅዋን ነጠቃት ይላል። ታሪኩን የሚያውቅ ግን ሕፃኑን አንሥተው የሚሰጡት የእናቲቱ የራስዋ እጆች መሆናቸውን ያስተውላል። ኀዘኑ ከጸጸት ጋራ የተቀላቀለ ነው። ጦርነትን የሚሠሩት ነገሥታትና ጄኔራሎች ብቻ ሳይሆኑ፣ ልጃቸውን መርቀው የሚልኩ ቤተ ሰቦችም እንደሚረዱት ይህች እናት በራስዋ ላይ ተናገረች።

ለልጅዋ መታሰቢያ ልትሠራ ያሰበችው በሞተበት ዓመት ነበር፤ ተፈጽሞ በመቃብሩ ስፍራ የቆመው ግን በ1932 ዓ.ም. ነው። ሁለት የተንበረከኩ የድንጋይ ምስሎች ናቸው፤ አባትየው በገዛ ክንዶቹ ራሱን አቅፏል፤ እናቲቱ አጐንብሳለች። ጐን ለጐን ናቸው፤ ነገር ግን አይነካኩም። ሰንደቅ ዓላማም ሆነ ሰይፍ ወይም የድል አክሊል የላቸውም። ምስሎቹ በ1956 ዓ.ም. ከመቃብሩ ጋራ ወደ ቭላድስሎ ተዛውረዋል፤ በዚያም ከ25,000 በላይ የጀርመን ወታደሮች ተቀብረዋል። ኮልቪትስ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአጎቱ ስም ፔተር የተባለውን የልጅ ልጅዋን በ1942 ዓ.ም. አጣች፤ ራስዋም በኤፕሪል 1945 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ሞተች።

የዚህን ሥራ ጠባይ ለመረዳት ከሙሾ የተሻለ ቃል አናገኝም። በለቅሶ ቤት አልቃሽ የሟቹን መልክና ጠባይ ታነሣለች፤ የቀሩትን ስታይ ታስለቅሳለች፤ ነገር ግን ፍርድ አትሰጥም። ሙሾ ሲደረደር ወዳጅም ጠላትም ያለቅሳል። ኃይሉ ይህ ነው፤ ድካሙም ይኸው ነው። ድካሙ የታየው በ1993 ዓ.ም. ነው። የጀርመን መንግሥት ከኮልቪትስ ትንንሽ ምስሎች አንዱን፣ የሞተ ልጅዋን የታቀፈችውን እናት፣ አስተልቆ በበርሊን ከተማ ኖየ ቫኸ በሚባለው ቤት ውስጥ አቆመ፤ ለጦርነትና ለግፍ አገዛዝ ሰለባዎች መታሰቢያ እንዲሆንም ወሰነ። ብዙዎች ተቃወሙ። ለግፉ አገዛዝ የተዋጋው ወታደርና ያ አገዛዝ በጋዝ የፈጀው አይሁዳዊ በአንዲት እናት ጭን እንዴት አብረው ይታዘናሉ? አይሁዳዊውስ የክርስቶስን እናት በሚያስታውስ ምስል እንዴት ይታሰባል? ሲሉ ጠየቁ። ከክርክሩ በኋላ ሰለባዎቹን በየወገናቸው የሚዘረዝር ጽሑፍ በደጁ ላይ ተደረገ። እንግዲህ ያው ምስል በአንዲት እናት ቤት እውነተኛ ኀዘን ሲሆን፣ በመንግሥት አደባባይ ግን በደለኛውንና ተበዳዩን ሊያደባልቅ ቻለ።

ሐ. ክስ፤ የዉድፎርድ የድንጋይ ቦምብ

ይህ ክርክር እኛን አይመለከትም የሚል አንባቢ ቢኖር የ1928 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም ተመታ። ከታኅሣሥ ወር ወዲህ ደግሞ የመርዝ ጋዝ ከአየር ይጣልና ይረጭ ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ፣ መርዙ የወረደው በወታደሩ ብቻ ሳይሆን በሴቶችና በሕፃናት፣ በከብትና በግጦሽ፣ በወንዝና በሐይቅ ላይም መሆኑን ዘርዝረው አስረዱ።

በዚያው ዓመት፣ ማለት በ1936 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፣ ከሎንዶን ዳር በምትገኘው በዉድፎርድ አንድ ሐውልት ተመረቀ። ያሠሩት የኢትዮጵያ ወዳጅ ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው፤ የቀረጸውም ኤሪክ ቤንፊልድ ነው። በሐውልቱ ላይ ሰው የለም፤ በድንጋይ መቆሚያ ላይ ከሰማይ ሲወርድ የሚመስል አንድ የድንጋይ ቦምብ ብቻ አለ። ጽሑፉ ሐውልቱ በ1932 ዓ.ም. በቦምብ ጣይ አይሮፕላን የመጠቀም መብት እንዲጠበቅ ለቆሙት ሰዎች የቆመ መሆኑን ይናገራል። መስመሩን በከፊል ብቻ ያነበበ ሰው ምስጋና ይመስለዋል፤ እስከ መጨረሻ ያነበበ ግን የአየር ጦርነትን የሚቃወም ብርቱ ክስ መሆኑን ያያል። በ1932 ዓ.ም. በዤኔቭ በተከፈተው የጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ ይህን መብት አንለቅም ካሉት መካከል የእንግሊዝ መንግሥት ነበረበት። ስለዚህ ሚስ ሲልቪያ የከሰሱት በደሉን ካደረሰችው ከኢጣልያ በፊት መንገዱን ክፍት የተወውን የራሳቸውን አገር ነው።

ክስ ከሙሾ የሚለየው ውሳኔንና ወሳኝን ስለሚያመለክት ነው። ዓመቱ ተጽፏል፤ ጉዳዩ ተጽፏል። ነገር ግን ይህም ጐደሎ አለው። የድንጋዩ ቦምብ ገና በመውረድ ላይ ነው፤ ከበታቹ ማን እንዳለ አይታይም። በደሴ የሞተው ሰው ፊት፣ በጋዝ የተቃጠለው እረኛ እጅ፣ ልጅዋን የቀበረችው እናት ጀርባ በዚያ ድንጋይ ላይ የለም።

መ. የኛ የጦር ሥዕሎች

ወደ አገራችን ስንመለስ የዐድዋን ድል የሚያሳዩትን ሥዕሎች እናገኛለን። የአሣሣሉ ልማድ የታወቀ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ ይወርዳል፤ የኛ ሠራዊት ሁለቱም ዐይኖቹ እንዲታዩ ሆኖ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ጠላት ግን አንድ ዐይኑ ብቻ እንዲታይ በጐኑ ይሣላል። የቆሰለም የወደቀም ይገኝበታል። ይህ ሥዕል የቆመው ለድሉ ክብር ነው፤ ፉከራ ነው፤ ፉከራም በቦታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሱ ያልሠራውን ሥራ መጠየቅ አይገባም። ከሸዋ እስከ ትግራይ ስንቅ የተሸከመው አጋሰስ፣ በየሰፈሩ እኽል የፈጨችው ሴት፣ ባልዋ ሳይመለስ የቀረባት ገበሬ ስንት እንደ ከፈሉ በዚያ ሥዕል ላይ አናገኝም።

የእነዚህ ዋጋ የተመዘገበው በቀለም ሳይሆን በአልቃሾች አፍ ነው። አባቶቻችን ድሉን ለሠዓሊ፣ ኀዘኑን ለአልቃሽ ከፍለው ሰጥተዋል ማለት እንችላለን። ችግሩ ሥዕሉ በየቤተ ክርስቲያኑና በየሙዚየሙ ሲቀመጥ ሙሾው ከተናጋሪዋ ጋራ መቀበሩ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ልጅ የነበሩት ዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ናቸው፤ በዚያ ዘመን የተለቀሰውን የሚያስታውሱትም እጅግ ጥቂት ናቸው።

እንግዲህ ለተማሪዎች ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የጦርነት ምስል በቀረበልን ጊዜ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ሠሪው ከየት ቆሞ አየ? የሚታዘንለት ማን ነው፣ የተረሳውስ? በደሉን የወሰነው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል ወይስ ተሰውሯል? ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚመልስ ምስል ሐሰተኛ አይደለም፤ ግን ብቻውን አይበቃም። በ2013 ዓ.ም. ተነሥቶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ በተፈረመው ስምምነት የቆመው የአገራችን ጦርነት ምስሎች በየሰው የእጅ ስልክ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ፉከራ ነው፣ አንዳንዱ ምስክር ነው፣ አንዳንዱ ክስ ነው። ሙሾው ግን በየመንደሩ ነው፤ የሚጽፈውም ሰው ገና አልበዛም። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንሄድ፣ እያንዳንዳችን ደብተር ይዘን በለቅሶ ቤት ከተባለው ጥቂቱን እንኳ ከነተናጋሪዋ መንደርና ከነዘመኑ ጽፈን ብንመለስ፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው የታሪክ ተማሪ ቍጥር ብቻ ከመተው እንድናለን።