የግዕዝ ፊደልና የኮምፒዩተር ቁጥር

አንድ ሕዝብ ለቋንቋው የሚመርጠው ፊደል ከብዙ ዓመታት በኋላ ምን ውጤት እንደሚያስከትል ለመረዳት ከጎረቤቶቻችን መነሣት ይጠቅማል። በሞቃዲሾ የነበረው መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 ሶማሊኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ወሰነ። ለላቲን ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የማተሚያና የጽሕፈት መኪና በቀላሉ መገኘት ነበር። በመሆኑም ዛሬ በሐርጌሳ የሚጻፍ የሶማሊኛ ደብዳቤ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ይነበባል። በአንጻሩ ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ ለሶማሊኛ የፈጠሩት የዑስማንያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

የእኛስ ፊደል? ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በመልኩ ሳይሆን በቁጥር ነው። በቀድሞው አሠራር አንድ ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ ስብስብ፣ ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከፊሉም ለሌላ ተግባር የተያዘ ነበር። ገበታችን 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ወይም እንደ ጽሕፈት መኪናው አካልና ቅጥያ እያገናኙ ሠሩት። ለዓይን «ሀ» ቢታይም በውስጥ የተቀመጠው የላቲን ምልክት ቁጥር ነበር። አከፋፈሉም ከፎንት ፎንት ይለያያል። ስለሆነም ፎንቱ የጠፋበት ጽሑፍ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥሮች ሰጠ። ይሁን እንጂ ቀድሞ የተጻፈው በራሱ አልተለወጠም። የሕንድ ጽሑፍም ያው ነው፤ የሂንዲ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በዩኒኮድ ቢገባም ብዙ ማተሚያ ቤቶች በአሮጌ ፎንቶች መሥራታቸውን ቀጥለው ነበር።

ጽሑፉን ለመለወጥ በመጀመሪያ የፎንቱን ስም ማወቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የእያንዳንዱ ምልክት አቻ በሠንጠረዥ ይዘጋጃል። አካልና ቅጥያ ለየብቻ የተጻፉ ከሆነ ወደ አንድ ፊደል ይጠቃለላሉ። በሂንዲ ደግሞ አጭሩ የ«ኢ» ምልክት ከተነባቢው በፊት ስለሚጻፍ ቅደም ተከተሉ ይስተካከላል። በጽሑፉ መካከል የገቡ የእንግሊዝኛ ቃላት እንዳይለወጡ መጠንቀቅ ይገባል። በመጨረሻም ሰው ከታተመው ቅጂ ጋር ያመሳክራል።

ያልተለወጠ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ቢፈለግ አይገኝም። በየትምህርት ቤቱ በአሮጌ ዲስኮች የተቀመጡ የማስተማሪያ ጽሑፎች፣ ፈተናዎችና የጥናት ወረቀቶች ይህ ዕጣ ይጠብቃቸዋል። የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያስታውሱት ባልደረቦቻችን ሳሉ፣ ዋናውን ቅጂ ሳናጠፋ፣ ሥራውን ከተማሪዎቻችን ጋር ልንጀምረው ይገባል።